ከቤተ መጻሕፍት የበቀለ አሳታሚ
አፍሪካ አሜሪካዊው ገጣሚ ዱድሊ ራንዳል (1914–2000 እ.ኤ.አ.) በሥነ ጽሑፍ ታሪክ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በአሳታሚነቱ ቢሆንም፣ የአሳታሚነቱ ሥር የቤተ መጻሕፍት ሙያው መሆኑ የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም። በፎርድ የመኪና ፋብሪካ የብረት ማቅለጫና በፖስታ ቤት ሠርቶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ዘምቶ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1951 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በቤተ መጻሕፍት ሳይንስ፣ ማለትም መጻሕፍትን መርጦና መድቦ ለአንባቢ በማድረስ ጥናት፣ ሁለተኛ ዲግሪውን ያገኘው ይህ ሰው፣ የጥቁሮች ግጥም ከመደርደሪያ የሚጎድለው ገጣሚ ጠፍቶ ሳይሆን አሳታሚ ጠፍቶ መሆኑን በቅርብ ለማየት የሚያስችል ሥራ ላይ ነበር። በ1965 ዲትሮይት ውስጥ የመሠረተው ብሮድሳይድ ፕሬስ የመጀመሪያ ሥራው ብሮድሳይድ፣ ማለትም በአንድ ፊቱ ብቻ የታተመ ነጠላ ወረቀት ነበር፤ በላዩም የሰፈረው በ1963 በበርሚንግሃም ቤተ ክርስቲያን በተጠመደ ቦምብ ስለተገደሉ አራት ልጃገረዶች ራሱ የጻፈው ግጥም ሲሆን፣ የማሳተሚያው 12 ዶላር የወጣው ከቤተ መጻሕፍት ደመወዙ ነው። በ1968 የኢንዲያና እስረኛ የነበረውን የኤተሪጅ ናይትን ግጥሞች ያሳተመው ይኸው ድርጅት ሲሆን፣ የፑሊትዘር ተሸላሚዋ ግዌንዶሊን ብሩክስም ትልቅ አሳታሚ እያላት ሥራዋን በአደራ የሰጠችው ለዚሁ አነስተኛ ድርጅት ነበር፤ ይህም ከየትኛውም ሽልማት የበለጠ ምስክርነት ነው። በ1971 ባዘጋጀው «ዘ ብላክ ፖየትስ» በተባለው መድበልም፣ ከባርነት ዘመን የሕዝብ ቃል ግጥሞች አንሥቶ እስከ ዘመኑ ወጣቶች ድረስ ያለውን ቅርስ በአንድ ርካሽ ቅጽ ሲያሰባስብ፣ ገጣሚው፣ አርታኢውና የመጻሕፍት ባለሙያው በአንድነት ይሠሩ ነበር።