ከ«ኦቲዝም ነው» በኋላስ?

የታላቅ እህቴ ልጅ አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው ነገሩ የታወቀን። ስሙን ላለማንሳት ማሙሽ ልበለው። ማሙሽ ሲጠሩት አይዞርም፤ የባጃጅ ድምፅ ግን ከሩቅ ሰምቶ ወደ በር ይሮጣል። አይናገርም፤ ውኃ ሲጠማው የእናቱን እጅ ይዞ ወደ ጀሪካኑ ይጎትታታል። የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ በመስመር ሲደረድር ይውላል። አንዷን ቆርኪ ያነሳበት ሰው ካለ የዚያን ቀን ቤቱ ሰላም የለውም።

እማዬ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» እያለች አንድ ዓመት አለፈ። ጎረቤት ደግሞ የየራሱን አመጣ። አንዷ «ዓይነ ጥላ ነው፣ ጠበል አስጠምቂው» አለች፤ ሌላዋ «ሼኹ ዘንድ ወስደሽ ዱዓ አስደርጊለት» አለች። «በእርግዝናሽ ጊዜ ምን አይተሽ ደንግጠሽ ነበር?» ብላ የጠየቀቻትም አለች። እህቴ ሁሉንም ሞክራለች። እኔ አልፈርድባትም፤ ሌላ የሚመክራት ሰው አልነበረማ!

በመጨረሻ ብር ተበድራ፣ ገና ሳይነጋ ከአሰላ መናኸሪያ ተሳፍራ 175 ኪሎ ሜትር ተጉዛ አዲስ አበባ ገባች። ሐኪሙ ልጁን አየው፣ ጥቂት ጥያቄ ጠየቃትና «ልጅሽ ኦቲዝም አለበት። የንግግር ሕክምና ያስፈልገዋል፤ የሚሆነው ትምህርት ቤትም ፈልጊለት» አላት። የት? አልተነገራትም። ከኋላዋ ረጅም ወረፋ ነበር። በማግስቱ ማታ ወረቀቱን ይዛ ተመለሰችና ለእኔ ሰጠችኝ። «አንተ ጋዜጠኛ እሆናለሁ ትል የለ? እስቲ ይሄ ነገር የት እንደሚገኝ ጠይቅልኝ» አለችኝ።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ ውጤት ነው። መልሱን አንብቤም ጠይቄም ስፈልግ ከርሜ አንድ ነገር ገባኝ፦ ለእንደ እህቴ ያሉ ወላጆች ከሁሉ በፊት የጎደላቸው ትልቅ ሕንፃ አይደለም። ከምርመራው ማግስት ቀጥሎ የሚደረገውን የሚያሳያቸው፣ በቅርባቸው ያለ አንድ ሰው ነው የጎደላቸው። ይህን ደግሞ አሰላም፣ በዙሪያዋ ያሉ ወረዳዎችም ማድረግ ይችላሉ ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ስለ ኦቲዝም ሳነብ ያገኘሁት የወይዘሮ ዘሚ የኑስን ታሪክ ነው። ወይዘሮ ዘሚ አሜሪካ ኖረው የተመለሱ የውበት ባለሙያ ነበሩ። ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበት፤ የሚቀበለው ትምህርት ቤት ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። የፊደሎቻችንን ድምፅ መሠረት ያደረገ «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የሚባል የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጅተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስ በየመድረኩ «ልጆቻችሁን አትደብቁ» ሲሉ ኖረዋል። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም እንዲሁ ከወላጆች ጭንቀት የተወለደ ነው። እሱም የሚገኘው አዲስ አበባ ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ችግር የሚጀምረው። ከሳጉሬ ወይም ከበቆጂ ማዶ ካለ ቀበሌ የምትኖር እናት፣ ሚኒባስ ውስጥ በድምፅ ብዛት የሚጮህ ልጇን ታቅፋ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እያፈጠጠባት በየሳምንቱ አዲስ አበባ ትመላለስ? ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ አይደለምን?

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። አገር በአገር ይለያያል፤ ቢሆንም አርሲን ለይቶ የሚዘልበት ምክንያት የለም። ልጆቹ አሉ። የማናያቸው ከጓዳ ስለማይወጡ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ኦቲዝም እንኳ የሚድን በሽታ ሳይሆን የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። የተደበቀ ልጅ ግን ሊማር ይችል የነበረውን ሁሉ ሳይማር ያድጋል።

እናትን መውቀስ ደግሞ የእኛ አገር ብቻ አመል አልነበረም። ኦቲዝም እ.ኤ.አ. በ1943 በሊዮ ካነር በሕክምና መጽሔት ላይ ከተገለጸ በኋላ፣ በአሜሪካም በአውሮፓም ለዓመታት «የእናትየው ፍቅር ማጣት ያመጣው ነው» ይባል ነበር፤ ያውም በምሁራን አፍ! ያን ሐሳብ ከተዋጉት ዋነኞቹ ወላጆች ናቸው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1962 የኦቲዝም ማኅበር ያቋቋሙት የቸገራቸው ወላጆች ናቸው። እንግዲህ ለንደንም ሆነ አዲስ አበባ መጀመሪያው አንድ ነው፦ ወላጅ ወላጅን ሲያገኝ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚባለው ለዚህ ነው።

«ባለሙያ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በአገር ደረጃ እንኳ ጥቂት ነው። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ ችግር አስቦ ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ወላጆች ሥልጠና አዘጋጅቷል። ዘጠኝ የቡድን ትምህርትና ሦስት የቤት ለቤት ጉብኝት አለው። የሚሰጠውም የግድ በስፔሻሊስት ሐኪም አይደለም፤ ሥልጠና በወሰደ ሌላ ሰው ጭምር ነው። ለኢትዮጵያ እንዲስማማ ተቃኝቶ አዲስ አበባ ላይ ተሞክሯል።

ትምህርቱ ሰማይ የሚያስነካ ነገር የለውም። ከልጁ ቁመት ዝቅ ብለሽ ፊት ለፊቱ ተቀመጪ። እሱ በሚወደው ነገር አብረሽው ተጫወቺ። የያዘውን ነገር በአጭር ቃል ጥሪለት። ጠይቀሽ ዝም በይና መልሱን ጠብቂ፤ በእጁም ቢያመለክት መልስ ነው። ትንሽ ነገር ሲችል አድንቂው። ልብስ ማጠብን፣ ቡና መቁላትን፣ እንጀራ ማቅረብን የመማሪያ ጊዜ አድርጊው። ይኸው ነው። እህቴ ግን ይህን የሚነግራት ሰው ሳታገኝ አንድ ዓመት ሙሉ አልቅሳለች።

አሁን ወደ አርሲ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ ካዱ፣ ማለትም የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ መቀመጫውን አሰላ አድርጎ ሲጀምር ገበሬውን «ምርጥ ዘር ከፈለግህ አዲስ አበባ ሂድ» አላለውም። ሠራተኛው ቦት ጫማውን አጥልቆ ጭቃውን እየረገጠ ገበሬው ማሳ ድረስ ሄደ፤ ዘሩንና ማዳበሪያውን እዚያው አሳየው። ካዱ ጭሰኛ እንዲፈናቀል ምክንያት የሆነበት ጎን እንዳለውም አይካድም። ግን ዕውቀት ወደ ባለጉዳዩ ደጃፍ መሄድ እንደሚችል የአርሲ ሰው ከብዙዎች በፊት አይቷል። ለስንዴና ለገብስ የሆነው ለልጅ የማይሆነው ለምንድን ነው?

ደጃፍ ደርሶ የሚያንኳኳ ሰው አሁንም አለን። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ በአገሪቱ ከ30,000 በላይ ሠራተኞች ሠልጥነው ተሰማርተዋል። ስለ ልጆች የአእምሮ እድገትና ስለ ኦቲዝም የሚያስረዱ ቪዲዮዎችና የኪስ መመሪያም ለእነሱ ተዘጋጅቶ ነበር። ይህን ሥልጠና የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ ለእነዚህ ልጆች ያላቸው አመለካከት የተሻለ ሆኖ መገኘቱም በጥናት ታይቷል። ስለዚህ መንገዱ አዲስ አይደለም፤ የተጀመረውን ማስፋት ነው።

አዎ፣ እነዚህ እህቶች ሥራ በዝቶባቸዋል፤ ክትባቱም ወሊዱም እነሱ ላይ ነው። የንግግር ሐኪም ሁኑ አልላቸውም። ሁለት ዓመት ሞልቶት የማይናገረውን፣ ሲጠሩት የማይዞረውን ልጅ እንዲለዩ፣ እናቲቱን እንዳይወቅሷትና ከሌላ ተመሳሳይ እናት ጋር እንዲያገናኟት ብቻ ነው የምጠይቀው። ምክሩም ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ይሁን። በአፋን ኦሮሞ ለምታስብ የገጠር እናት በአማርኛ የተጻፈ ብሮሸር መስጠት ካለመስጠት ብዙም አይሻልም።

ትምህርት ቤቶችስ? ማሙሽን እናቱ ሰፈር ወዳለ ኬጂ ወስዳው ነበር። «ሲሻለው አምጪው» ተባለች። የሚማረው እንዲሻለው አይደለም እንዴ? ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ አካቶ ትምህርትም በወረቀት ላይ ፖሊሲያችን ነው። ወረቀቱ ኬጂው በር ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። ኦቲዝም ሚዲያችን ላይ የሚሰማው በአመዛኙ መጋቢት 24፣ የዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን ሲመጣ ነው። በማግስቱ ይረሳል። እስቲ የእኛ ትምህርት ክፍል አንድ ሥራ ይጀምር፦ የት ምርመራ እንደሚገኝ፣ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚቀበል፣ አዲስ አበባ ያሉት ማዕከላት እንዴት እንደሚገኙ የሚያሳይ አንድ ገጽ አድራሻ እንሰብስብ። በሁለቱም ቋንቋ ይተየብ። በየጤና ጣቢያውና በየቀበሌው ይለጠፍ፤ በአካባቢው ሬዲዮም ይነበብ። የፎቶ ኮፒ ዋጋ እንጂ በጀት አይጠይቅም።

ማሙሽ ዛሬም አይናገርም። እህቴ ግን አሁን መሬት ላይ አብራው ተቀምጣ ቆርኪ ትደረድራለች፤ «ቆርኪ» ትላለች፣ ትጠብቃለች። ባለፈው ቅዳሜ አንዷን አንስቶ በእጇ ላይ አስቀመጠላት። ከዚያ በፊት ለማንም ሰው ምንም ነገር ሰጥቶ አያውቅም። እሷ የምታወራው ሰው ካገኘች ገና ሁለት ወሯ ነው፤ እዚሁ አሰላ ሦስት ሰፈር አልፎ የምትኖር፣ እንደሷው የቸገራት እናት ናት። ለዓመታት በአንድ ገበያ ሲገበያዩ አይተዋወቁም ነበር።