ቁጥሩ ያልገጠመ እውነት

በጥንታዊ የጀርመን ጠመንጃ ሰብሳቢዎች ዘንድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ቁጥሩ ይገጥማል ወይ?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከእርሱ ተነሥቶ የሚሰጠው ፍርድ ግን ብዙ ጊዜ የተዛባ ይመስለኛል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላብራራ። የጀርመን ጦር በ1935 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መደበኛ መሣሪያው ያደረገው «ካራቢነር 98 ኩርትስ» የተባለው የማውዘር ጠመንጃ ከፋብሪካ ሲወጣ፣ መለያ ቁጥሩ በዋናው አካሉ፣ በመቀርቀሪያውና በሰደፉ ሳይቀር ይመታ ነበር፤ በትንንሾቹ ብረቶች ላይ ደግሞ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች። የመንግሥት መርማሪዎችም ፈተናውን ባለፈው ክፍል ላይ ንስር ያለበት ጥቃቅን ማኅተም ያሳርፉበታል። ሰብሳቢው አጉሊ መነጽሩን ይዞ ቁጥርን ከቁጥር፣ ማኅተምን ከዓመት ያስተያያል። ሁሉም ከገጠመ «ኦሪጅናል» ይለዋል፤ ዋጋውም ይንራል።

ክፋቱም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ገበያው ለገጠመ ቁጥር አብልጦ ስለሚከፍል፣ የቀድሞውን ቁጥር ፍቆ ሌላ የሚመታ፣ የጎደለውን ማኅተም አስመስሎ የሚቀርጽ፣ ያረጀውን እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ሞርዶ የሚያሳምር እጅ ተፈጠረ። እውነተኛውን ፍለጋ ሐሰትን ወለደ።

በአንጻሩ የሶቪየት ጦር የማረካቸውን እንመልከት። ከጦርነቱ በኋላ በግምጃ ቤት ተፈታትተው፣ የአንዱ መቀርቀሪያ ለሌላው ተሰጥቶ እንደገና ተገጣጠሙ፤ አዲስ ቁጥር በኤሌክትሪክ ብዕር ተጻፈባቸው፤ እንጨታቸውም ሼላክ ተቀባ። ኋላ በገፍ ወደ ምዕራቡ ዓለም ገበያ ሲወጡ ብዙ ሰብሳቢ «ድብልቅ» ብሎ ናቃቸው። እኔ ግን እንዲህ ያለው ጠመንጃ አልዋሸም እላለሁ። ተሸንፎ መማረኩን፣ ጌታ መለወጡን በገዛ አካሉ ይመሰክራል። በ1948 ከቼኮዝሎቫኪያ ለእስራኤል ከተሸጡት ማውዘሮች መካከልም የናዚን ንስር በያዘ ብረት ላይ የዳዊት ኮከብ ያረፈባቸው ተገኝተዋል። ያንን ኮከብ ፍቆ ጠመንጃውን «ወደ ጥንተ ተፈጥሮው» የሚመልስ ሰው ምን አተረፈ? ከታሪክ ሁሉ የሚደንቀውን አንቀጽ ሰረዘ እንጂ!

ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ይህ እንግዳ አይደለም። በብራና መጻሕፍቶቻችን የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ስም የገባባቸው ብዙ ናቸው። ያ ፍቀት ለተመራማሪ የመጽሐፉ የሕይወት ታሪክ ነው። የሚያስኮንነው ትናንት የተጻፈን ብራና በጢስ አጥቁሮ የጎንደር ዘመን ነው ማለት ነው። በባንክ መስኮት የሚውል እንደ እኔ ያለ ሰውም ያውቀዋል፤ ያደፈና የተጨማደደ ብር ብርነቱን አያጣም፤ የተዋበው ሐሰተኛ ብር ግን ወረቀት ነው። ፍቀት ሁሉ ማጭበርበር አይደለም፤ ማን ፋቀው? መቼ? ለምን? ብሎ መለየት ያስፈልጋል።

ጠመንጃ ደግሞ እንደ ማሰሮ ወይም እንደ ሰዓት ያለ ዕቃ አይደለም፤ ሰው ተገድሎበታል። በጦርነቱ ዘመን በኦበርንዶርፍ የማውዘር ፋብሪካ ከባዕድ አገር በግዳጅ የተወሰዱ ሠራተኞች ይደክሙ ነበር። በጦርነቱ ማብቂያ የተሠሩት ጠመንጃዎች ብረታቸው ሻካራ፣ የመቁረጫው ጭረት ያልለሰለሰ ነው፤ የጥድፊያና የእጦት አሻራ ነው። ይህን አለስልሶ የሚያብረቀርቅ ሰው ውበት የጨመረ ይመስለዋል፤ ምስክር ግን አጥፍቷል።

ጀርመን በ1935 በምስጢር ማውዘር ጠመንጃዎችን ለኢትዮጵያ አቅርባ ነበር። ከእነዚያ አንዱ ዛሬ ሰደፉ ተሰንጥቆ፣ በጠፍር ታስሮ ቢገኝ፣ ቁጥር ብቻ የሚቆጥር ሰብሳቢ ጠፍሩን ፈትቶ እንጨቱን በአዲስ ይተካው ይሆናል። ያ ጠፍር ግን ፋብሪካው የማያውቀውን ይናገራል፤ መተኪያ በሌለበት ጦርነት አንድ ሰው መሣሪያውን እንደ ምንም ጠግኖ መዝመቱን።

ስለዚህ ሰብሳቢ ሆይ፣ ቁጥሩን ቁጠር፤ ማኅተሙንም መርምር። ያልገጠመ ብታገኝ ግን በሞረድ አትቸኩል። አስቀድመህ ያልገጠመበትን ምክንያት አንብብ።