ባሕር ቃኚ አብራሪዎችና የዘር እህል

ከቦሌ ወደ ጎረቤት አገሮች የሚበረውን ቦይንግ 737 ብዙዎቻችን ተሳፍረንበት እናውቃለን፤ ያልተሳፈርንበትም ብንሆን አንጋጠን አይተነዋል። የዚህኑ አውሮፕላን አካል ወስደው፣ የመንገደኛ መስኮቶቹን ከሞላ ጎደል ደፍነው፣ በሆዱ ቶርፒዶ፣ በኋላ ክፍሉ ደግሞ ባሕር ላይ ተጥለው የሚያዳምጡ ከ100 በላይ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች ጭነው የሚያበሩ ሰዎች እንዳሉ የሚያውቅ ተማሪ ግን እምብዛም አላጋጠመንም። አውሮፕላኑ ፒ-8ኤ ፖሲደን ይባላል። ሰዎቹም የአሜሪካ ባሕር ኃይል የባሕር ቅኝት አብራሪዎች ናቸው።

«የጦር አብራሪ» ሲባል በተማሪዎቻችን ዓይነ ኅሊና የሚሳለው ከድምፅ የሚፈጥን ተዋጊ ጄት ነው። ፊልሙም ፖስተሩም የእርሱ ነው። ባሕር ቃኚው ግን አንዳንዴ እስከ 10 ሰዓት ድረስ ባዶ በሚመስል ውኃ ላይ ሲመላለስ ይውላል፤ ብዙውን ጊዜም ምንም ሳያገኝ ይመለሳል። ይሁንና ለፊዚክስ ተማሪ ከሁለቱ ይበልጥ ሊቀርበው የሚገባው ይኸኛው ነው ብለን እንከራከራለን። ሥራው መለካት ነውና። በትክክል ለክቶ «እዚህ የለም» ብሎ መመለስም ለእርሱ ውጤት ነው፤ ይህን ደግሞ በቤተ ሙከራ ዘገባቸው ላይ «ሙከራው አልሠራም» ብለው የሚጽፉ ተማሪዎቻችን ቢያስቡበት አንጠላም።

የችግሩ ሁሉ ምንጭ የጨው ውኃ ጠባይ ነው። የባሕር ውኃ ኤሌክትሪክን በሚገባ ያስተላልፋል፤ ስለዚህም የሬዲዮ ሞገድን ይውጣል። በሴኮንድ 1 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ ባሕር ውስጥ ሲገባ በየ25 ሳንቲ ሜትሩ መጠኑ ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል። የራዳር ሞገድማ ከዚያ በብዙ ሺህ እጥፍ ፈጥኖ የሚርገበገብ በመሆኑ ጥቂት ሚሊ ሜትር እንኳ መዝለቅ አይችልም። ስለዚህ ከላይ ሆኖ ሰርጓጅ መርከብን ለመፈለግ የሚቀሩት መንገዶች በዋናነት ሁለት ናቸው፤ ድምፅና መግነጢስ።

ስለ መግነጢሱ ከማውራት ይልቅ አንድ ታሪክ ማንሳት ይሻላል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ከአትላንቲክ ወደ ሜዲትራንያን የሚገቡት በጅብራልታር ወሽመጥ በኩል ነበር። በዚያ ሥፍራ ቀለል ያለው የአትላንቲክ ውኃ ከላይ ወደ ውስጥ ይፈስሳል፤ ጨው የበዛበትና ከባዱ የሜዲትራንያን ውኃ ደግሞ ከሥር ወደ ውጭ ይወጣል። ሰርጓጆቹ ከላይኛው ጅረት ጋር ድምፃቸውን አጥፍተው ይገባሉ። የተነባበረው ውኃ የድምፅ ሞገድን ስለሚያጣምም የጠባቂ መርከቦች የድምፅ መሣሪያ በቀላሉ አያገኛቸውም። በ1944 መጀመሪያ ቪፒ-63 የተባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ስኳድሮን ካታሊና በተባሉት አውሮፕላኖቹ ወሽመጡን ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሰ ማጠር ጀመረ። አውሮፕላኖቹ የተሸከሙት ከብረት የተሠራው የመርከቡ አካል በምድር መግነጢሳዊ መስክ ላይ የሚፈጥረውን ጥቃቅን መዛባት የሚለይ ማግኔቶሜትር ነበር። ከውኃው ከ30 ሜትር ገደማ በላይ አይወጡም። በየካቲት 24 ቀን 1944 ዩ-761 የተባለችውን ሰርጓጅ አገኟት፤ ከጠባቂ መርከቦችና ከሌሎች አውሮፕላኖች ጋር ተባብረውም አሰጠሟት።

እዚህ ላይ ማንኛውም የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሊያሰላው የሚችል እንቆቅልሽ አለ። ማግኔቶሜትሩ የሚናገረው አውሮፕላኑ ልክ ከመርከቡ በላይ ሲደርስ ነው። በሴኮንድ 50 ሜትር የሚበር አውሮፕላን በዚያች ቅጽበት ከ30 ሜትር ከፍታ ቦምብ ቢጥል፣ ቦምቡ ውኃው ላይ ለመድረስ ሁለት ሴኮንድ ተኩል ያህል ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ በራሱ ግዑዝነት ወደ ፊት 120 ሜትር ገደማ ተጉዞ ዒላማውን ያልፋል። መፍትሔው ምን ነበር? ቦምቡን በሮኬት ወደ ኋላ መተኮስ ነበር። የሮኬቱ ፍጥነት ከአውሮፕላኑ ፍጥነት ጋር እኩል ከሆነ ሁለቱ ይጣፋሉ፤ ቦምቡም ከሕንፃ ጣሪያ ላይ እንደተለቀቀ ድንጋይ ቁልቁል ይወርዳል። የኒውተንን ሕግ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም፤ ምሳሌው ሰው የሞተበት መሆኑን ግን ሳንዘነጋ ነው የምንጠቅሰው።

የመግነጢሱ ምልክት እጅግ ደካማ ነው። በአዲስ አበባ ላይ የምድር መግነጢሳዊ መስክ 36,000 ናኖቴስላ ገደማ ሲሆን፣ ሰርጓጅ መርከብ በመቶዎች ሜትር ርቀት ላይ የሚፈጥረው ለውጥ ጥቂት ናኖቴስላ ወይም ከዚያ በታች ነው። ይህን ስንል የራሳችንን ቤት ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በአራት ኪሎ ያለው የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲቋቋም፣ ቦታው የተመረጠው አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ነው። ከራሳችን በላይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በቀን የሚፈሰው የኤሌክትሪክ ጅረት የምድርን መስክ በየዕለቱ በአሥሮች ናኖቴስላ ሲያነቃንቀው እናያለን። ቃኚው የሚፈልገው ምልክት ከዚህ ዕለታዊ ንቅናቄ ያነሰ ነው። የሚለየው ፍጥነቱ ነው፤ የሰማዩ ለውጥ በሰዓታት፣ የመርከቡ ግን በሴኮንዶች ይመጣልና።

ርቀት ደግሞ ጨካኝ ነው። የመግነጢስ ዋልታ ጥንድ መስክ በርቀት ኩብ ይቀንሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ምልክቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። በ100 ሜትር የሚታየው ምልክት በ10,000 ሜትር ሚሊዮን ጊዜ ያንሳል። አብራሪው ዝቅ ብሎ እንዲበር ያስገደደው እንግዲህ የአዛዡ ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን ይህ ኩብ ነው።

ዝቅ ብሎ መብረር ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እንየው። ከ1962 ጀምሮ ያገለገለው ባለ አራት ፕሮፔለሩ ፒ-3 ኦራየን ለዚህ ሥራ እስከ 60 ሜትር ገደማ ይወርድ ነበር። በሴኮንድ 100 ሜትር እየበረ አፍንጫው በሦስት ዲግሪ ብቻ ቢያዘቀዝቅ በየሴኮንዱ ከአምስት ሜትር በላይ ከፍታ ያጣል፤ ውኃው ላይ ለመድረስ 11 ሴኮንድ ገደማ ይበቃዋል። ይህ በቀን ብርሃን ነው፤ ሌሊትና ዝናብ ሲጨመርበት አንባቢ ይገምተው። በዚያ ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ አንዱን ሞተር ሆን ብለው ያጠፉ ነበር። ከመኪና መንጃ ፈቃዳቸው ሌላ ምንም የሌላቸው የፊዚክስ መምህራን ይህን ሲሰሙ ዝም ከማለት በቀር ምን ይላሉ!

ሙያው በአንድ ቀን አይገኝም። አሜሪካዊው ወጣት በቅድሚያ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይዞ መኮንን መሆን አለበት። ባለ አንድ ሞተር በሆነው ቲ-6ቢ መሠረታዊውን በረራ ይማራል፤ ቀጥሎ ቴክሳስ ውስጥ ኮርፐስ ክሪስቲ በሚባል ሥፍራ በሁለት ሞተር አውሮፕላን ይሠለጥንና የአብራሪነት ክንፉን ይቀበላል። ፒ-8ን የሚማረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ፍሎሪዳ ውስጥ በጃክሰንቪል በሚገኘው ቪፒ-30 በተባለው የማሠልጠኛ ስኳድሮን። ወደ መደበኛ ስኳድሮን ሲመደብም ገና ረዳት ነው። በመጀመሪያው የምድብ ዘመኑ ውስጥ እየበረረ፣ እየተፈተነ፣ ከቀደሙት እየቀሰመ ነው የአውሮፕላን አዛዥ የሚሆነው። አዛዥ ሆኖም እንኳ የተልእኮው መሪ እርሱ ላይሆን ይችላል። ከኋላው ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠው የስልት አስተባባሪ መኮንን ሊሆን ይችላል፤ «ወደ ግራ፣ አሁን ጣል» የሚለውም እርሱ ነው። ይህ ትሕትና ተዋጊ ጄት ውስጥ አይገኝም። አብራሪው የመለኪያው አገልጋይ ነው።

የድምፁ ሥራ ይህን ይበልጥ ያሳያል። ሶኖቦይ የተባለው ተንሳፋፊ ባሕር ላይ ይጣላል፤ ማዳመጫውን ወደ ጥልቁ ይሰድዳል፤ የሰማውንም በሬዲዮ ወደ አውሮፕላኑ ይልካል። ድምፅ በባሕር ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 50 ኸርትዝ ድምፅ የሚያወጣ መርከብ በሴኮንድ አምስት ሜትር ወደ ሶኖቦዩ ቢቀርብ፣ በዶፕለር ሕግ መሠረት ድምፁ የሚቀጥነው በ0.17 ኸርትዝ ብቻ ነው። ይህችን ከዓሣ ነባሪና ከነጋዴ መርከብ ጫጫታ መካከል ለይቶ «መጣ፣ አለፈ፣ ራቀ» የሚለው የሠለጠነ ጆሮና ዓይን ነው። ሶኖቦዮቹ በታሰበላቸው ቦታ ካልወደቁ ግን ስሌቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ አብራሪው የሚመዘነውም እዚህ ላይ ነው።

ፒ-3ን ለማየት ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም ነበር። ጃፓን የባሕር ወንበዴዎችን ለመከታተል ከ2009 ጀምሮ ፒ-3ሲ አውሮፕላኖቿን በጅቡቲ አሠማርታለች፤ የእኛ የገቢና የወጪ ዕቃ በሚያልፍበት ባሕር ላይ ማለት ነው። በአሜሪካ ግን ከ2013 ወዲህ ፒ-8 ቦታውን ቀስ በቀስ ወርሷል። ፒ-8 ከፍ ብሎ መብረርን ይመርጣል፤ አሜሪካኖቹም በራሳቸው ፒ-8ኤ ላይ ማግኔቶሜትሩን አላደረጉም፤ ሕንድ በገዛችው ላይ ግን እንዲደረግላት ጠይቃለች። ሰው አልባው ትራይተን ደግሞ ሰፊውን ቅኝት እየተጋራ ነው። ከ10,000 ሜትር ከፍታ አድማሱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከ60 ሜትር ግን ከ28 ኪሎ ሜትር አያልፍም። ስለዚህ ከፍታን የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስሕተት ነው ለማለትም አንደፍርም። የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው። አንድ ጥበብ አያስፈልግም ተብሎ ሲተው፣ ተመልሶ ሲፈለግ ማን ያስተምረዋል?

ይህን ጥያቄ ብሪታንያ በራሷ ላይ አይታዋለች። በዚያ አገር የባሕር ቅኝት የአየር ኃይሉ ድርሻ ሲሆን፣ አውሮፕላኑም ከመጀመሪያው የመንገደኛ ጄት ከኮሜት የተወለደው ኒምሮድ ነበር። በ2006 አንዱ ኒምሮድ አፍጋኒስታን ላይ በእሳት ተቃጥሎ 14 ሰዎች አለቁ። በ2010 ነባሮቹ ከአገልግሎት ተሰናበቱ። በዚያው ዓመት ከ3 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ የወጣበት ተተኪው ኒምሮድም ተሰረዘ፤ ተሠርተው የነበሩትም ተቆራርጠው ብረት ሆኑ። በደሴት ላይ የምትኖር አገር ባሕር ቃኚ አውሮፕላን አልባ ሆና ቀረች። በ2014 መገባደጃ በስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ አጠራጣሪ ነገር ሲታይ የወዳጅ አገሮች አውሮፕላኖች መጥተው ፈለጉላት።

አንድ ነገር ግን በብልሃት አደረጉ። ከተበተኑት ሠራተኞች ጥቂቶቹን መርጠው ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳ፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ ኒውዚላንድ ላኳቸው፤ በሰው አውሮፕላን እየበረሩ ሙያቸውን እንዲያቆዩ። የዕቅዱን ስም «የዘር እህል» አሉት። ስሙን ስንሰማ ደነቀን። ክረምት ሲከፋ ጎተራው ቢራቆት እንኳ ለዘር ያኖረውን የማይነካ ገበሬ ያሳደገን ሰዎች ነንና። በ2015 ዘጠኝ ፒ-8 ለመግዛት ተወሰነ፤ የመጀመሪያው በየካቲት 2020 ስኮትላንድ ውስጥ ኪንሎስ ላይ አረፈ፤ ያረፈበትም የቀድሞዎቹ ኒምሮዶች ጣቢያ ነበር። አውሮፕላኑን ለመግዛት ገንዘብ በቂ ነበር፤ ለማብረርና ለማዳመጥ ግን ያ ሁሉ ዓመት ከባሕር ማዶ የቆየው ጥቂት ሰው አስፈለገ።

እኛስ? ትምህርታችንን ጨርሰን ከውጭ ስንመለስ በአንድ ቤተ ሙከራ ጥግ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ፕሮቶን ማግኔቶሜትር አገኘን። «ተበላሽቷል» ተባልን። መመሪያው የለም፤ ያሠራው የነበረው ቴክኒሻን ጡረታ ወጥቷል፤ ሌላ ያሠለጠነ አልነበረም። አዲስ ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ ጥያቄ ጽፈን ዓመት ያህል ጠበቅን። በመጨረሻ ከተማሪዎቻችን አንዱ የቴክኒሻኑን ቤት አፈላልጎ አገኘና ለምነን አመጣናቸው። አዛውንቱ ከሁሉ አስቀድመው የኪስ ቁልፋቸውንና ቀበቷቸውን አውጥተው ከበሩ ውጭ አኖሩ። ከዚያ የመሣሪያውን ጠርሙስ ወዘወዙትና ሳቁ። ባዶ ነበር። «ምንድን ነበረበት ጋሼ?» ብንላቸው «ነጭ ጋዝ ነዋ!» አሉን።

ከሱቅ ነጭ ጋዝ አስገዝተን ሞላነው። ሕንፃው ውስጥ ብረት ስለሚበዛ ተማሪዎቹ መሣሪያውን ተሸክመው ወደ ሜዳው ወጡ፤ ሽቦውን ከአሮጌ ማዳመጫ ጋር አገናኘነው። ጋሼ ማብሪያውን ጥቂት ቆጥረው ለቀቁት። ከ1,500 ኸርትዝ ትንሽ ከፍ ያለች፣ ወዲያው የምትሟሽሽ ቀጭን ፉጨት ተሰማች፤ የምድራችን መግነጢሳዊ መስክ ድምፅ ነበረች። ሦስቱ ተማሪዎች ማዳመጫውን ተሻሙበት። ከዚያ ወዲያ ጋሼ ለሁለት ሳምንት ከሰዓት በኋላ እየመጡ አስተማሯቸው፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለችው ተማሪያችንም የሚሉትን ሁሉ በደብተሯ ትጽፍ ነበር።