ንጹሕ እጅና አሮጌ ፒካፕ

ከዋናው ከተማ ራቅ ባሉት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግቢ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር አለ። ይኸውም በግንቡ ጥግ የቆመ፥ ጎማው የረገበ፥ ኮፈኑ ላይ ዶሮ የሰፈረበት አሮጌ ፒካፕ ነው። ምን ሆኖ ቆመ ብሎ የጠየቀ ሰው «ሞተሩ አስቸግሮ ነው» የሚል መልስ ያገኛል። እንዴት አስቸገረ ቢሉ ደግሞ «ይንቀጠቀጣል፤ ዳገት እምቢ ይላል፤ ቤንዚን ይበላል» ይባላል። ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አይገኝም። ደብዳቤ ግን ተጽፎለታል፤ ከጋራዥ የዋጋ ማቅረቢያ ተጠይቆለታል፤ ምናልባትም ኮሚቴ ተሰይሞለታል።

ከእነዚህ መኪናዎች መካከል በእውነት ሞተራቸው የተበላ መኖራቸውን አንክድም። ነገር ግን እነዚህ ሦስት ምልክቶች አንድ ላይ ሲታዩ፥ መኪናውም ቤንዚን የሚጠጣ እንደ ሆነ፥ ከሁሉ አስቀድሞ መመርመር የሚገባው ካንዴላውና የካንዴላው ገመድ መሆኑን ማንኛውም መካኒክ ያውቃል። እኛ ዛሬ ለመናገር የምንፈልገው ይህን ማወቅ የመካኒክ ብቻ ድርሻ ሊሆን አይገባም ብለን ነው። የመኪናውን የጥገና ወጪ የሚፈርመው ወጣት ሹም፥ ነገም የሚፈርመው የዛሬው ተማሪ፥ አራት ካንዴላና አራት ገመድ በገዛ እጁ ለመለወጥ መቻል አለበት እንላለን።

ካንዴላ የሚለው ቃል ራሱ ታሪክ ያለው ነው። በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራና ከዚያም በኋላ በቀሩት ጋራዦች በኩል ፍሬኑም፥ ኮፈኑም፥ ቦቢናውም፥ ማርሚታውም ወደ ቋንቋችን ገቡ። ማርሚታ በአገሩ የወጥ ድስት ነው፤ ቦቢናም የክር ማጠንጠኛ ነው። ወራሪው ሲወጣ ቃላቱ ቀሩ፤ ጠብቀው ያቆዩአቸውም መዝገበ ቃላት ጸሐፊዎች ሳይሆኑ እጃቸው ዘይት የነካ ሰዎች ናቸው። የተማረው ክፍል ግን እስከ ዛሬ ድረስ ከእነዚህ ቃላት ብዙዎቹን የሚሰማቸው በሒሳብ መጠየቂያ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

የካንዴላ ሥራ በአጭሩ ይህ ነው። ባትሪው የሚሰጠው 12 ቮልት ብቻ ነው። ይህ ኀይል በቦቢናው ውስጥ አልፎ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ይሆንና ወደ ዲስትሪቡተሩ ይሄዳል። ዲስትሪቡተሩ እንደ ደንበኛ አከፋፋይ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር በተራው ይሰጣል፤ ገመዱ ያደርሳል፤ በካንዴላው ጫፍ ላይ ባለችው ቀጭን ክፍተት መካከል ብልጭታ ይዘላል፤ ቤንዚንና አየሩም ይቀጣጠላል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ የሚዞር ከሆነ እያንዳንዱ ካንዴላ በደቂቃ 1,500 ጊዜ፥ በአንድ ሰዓትም ጉዞ 90,000 ጊዜ ይፈነጥቃል። ከአራቱ አንዱ ሥራውን ያቆመ እንደ ሆነ የዚያ ሲሊንደር ቤንዚን ሳይነድ ወደ ማርሚታው ይወጣል። ከዚህም የባሰ፥ ያልነደደው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ ወደ ታች ወርዶ የሞተሩን ዘይት ያቀጥነዋል። እንግዲህ ትንሽ ዋጋ ያለው ዕቃ በጊዜው ባለመለወጡ ነው በመጨረሻ «ሞተሩ ተበልቷል» የሚለው ነገር እውነት የሚሆነው።

ይህን ያህል የማያስቸግር ነገር የተማረው ሰው ለምን ሳይማረው ቀረ? እኛ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ብዙ አልቆየንም፤ ስለዚህ የምንናገረው ስለ ራሳችን ትውልድ ነው። ስለ ኤሌክትሪክ ኀይል በፈተና ወረቀት ላይ ገጽ ሙሉ የሚጽፍ ወጣት ሞልቷል። ይኸው ወጣት መኪና መንገድ ላይ ሲቆምበት ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከሾፌሩ በስተጀርባ ይቆማል። ሸሚዙ እንዳይቆሽሽ ብቻ አይደለም። በልቡ ውስጥ ያ የቆየ አስተሳሰብ፥ ባለ እጅን የመናቅ አስተሳሰብ፥ አሁንም ተቀምጦአል። ዳግማዊ ምኒልክ ብረት ሠሪውንና ሸማኔውን በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎአል። ስድቡ ቀንሶ ይሆናል፤ ከመፍቻ መሸሹ ግን አልቀነሰም። ዲፕሎማ ያለው ሰው መፍቻ ሲይዝ ያየ ጎረቤት አሁንም «ምን ቸገረው?» ብሎ ይጠይቃል።

«ሁሉም በየሙያው ይሠማራ፤ ሹሙ ይምራ፥ መካኒኩ ይፍታ» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ባዶ አይደለም። እኛም ሹሙ ሞተር አውርዶ ይጠግን አንልም። ነገር ግን ምንም የማያውቅ አዛዥ በጋራዥ ደጃፍ ሲቆም ምን እንደሚደርስበት ሁሉም ያውቃል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። «ጌታዬ፥ ቴስታታው መውረድ አለበት» ሲባል አንገቱን ከመነቅነቅ በቀር ሌላ አይችልም፤ ገንዘቡም የራሱ ሳይሆን የሕዝብ ነው። ሐቀኛው መካኒክ እንኳ ይህን ዓይነቱን ሰው ማስረዳት ይሰለቸዋል።

ሌሎች ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና እየመጣ ስለ ካንዴላ መጻፍ ኋላ ቀርነት ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቆአል፤ የኤሌክትሪክ መኪናም ካንዴላ የለውም። ዳሩ ግን አዲስ የቤንዚን መኪና ባልገባ መጠን በእጅ ያለው አሮጌው ዕድሜው ይረዝማል እንጂ በአንድ ቀን ከመንገድ አይጠፋም። እንዲያውም ካንዴላ የመለወጥን ነገር አሁን ይበልጥ ያስፈልገናል።

ወደ ሥራው እንግባ። ምሳሌ የምናደርገው የታወቀውን የቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ፥ 22 አር የተባለው የ2.4 ሊትር የቤንዚን ሞተር ያለውን ነው። ይህ ሞተር መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። አራት ሲሊንደር፥ አንድ ዲስትሪቡተር፥ አንድ ቦቢና፤ ለመማር ከዚህ የተሻለ መምህር የለም። በናፍጣ የሚሠራው ሃይሉክስ ግን በብልጭታ ሳይሆን አየርን በማመቅ ስለሚያቀጣጥል ይህ ምክር አይመለከተውም።

ሞተሩ ፈጽሞ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። ቴስታታው አሉሚኒየም ነውና በሙቀቱ ጊዜ ካንዴላውን የፈታ ሰው ጥርሱን አብሮ ሊያወጣው ይችላል፤ ያን ጊዜ በእውነት የጋራዥ ሥራ ይመጣል። ገመዱ ሲነቀል የሚያዘው ጎማ ቆቡ ነው፤ ትንሽ ጠምዘዝ ተደርጎ ይሳባል። ገመዱን ራሱን የጎተተ ሰው በውስጡ ያለውን ቀጭን የካርቦን ክር ይበጥሳል፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። ካንዴላው ከመፈታቱ በፊት በዙሪያው ያለው አቧራ በአየር ወይም በብሩሽ መጠረግ አለበት። በገጠር መንገድ የሠራ መኪና እዚያ ጕድጓድ ውስጥ የሚያከማቸው አፈር ብዙ ነው፤ ካንዴላው ሲወጣም ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው እርሱ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ በአንድ! አራቱንም ገመዶች በአንድ ጊዜ ነቅሎ መልሶ የሚሰካ ሰው ተራውን ያጣል። የዚህ ሞተር የማቀጣጠያ ተራ 1፥ 3፥ 4፥ 2 ነው፤ አንደኛው ሲሊንደር በራዲያተሩ በኩል ያለው ነው። ሁለት ገመድ ከተቀያየረ ሞተሩ ይተኩሳል፥ ይንፈራገጣል፥ ወይም ጨርሶ አይነሣም። አንዱን ፈትቶ፥ አዲሱን አስገብቶ፥ ገመዱን በአሮጌው ልክ መርጦ ሰክቶ ወደ ሁለተኛው የሚሄድ ሰው ግን ተራውን ማስታወስ እንኳ አያስፈልገውም።

አሁን የወጣውን አሮጌ ካንዴላ ወደ ብርሃን አውጥቶ መመልከት ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል፤ በእኛ አስተያየት የሥራው ሁሉ ጣዕም እዚህ ነው። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም አመድማ ከሆነ ሞተሩ ደኅና ነው። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቶአል ወይም የአየር ማጣሪያው ታፍኖአል። በዘይት የራሰ እንደ ሆነ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ነው፤ ይህ በካንዴላ መለወጥ አይድንም። ነጭ ሆኖ ያኮረፈና የቀለጠ የሚመስል ከሆነ ደግሞ ከመጠን በላይ ሞቆአል። እንግዲህ ሐኪም ምላስ አይቶ እንደሚጠይቅ፥ አራቱ ካንዴላዎች በተራ ሲደረደሩ አራቱ ሲሊንደሮች የየራሳቸውን ነገር ይናገራሉ።

የአገራችንም ምድር በዚህ ላይ የሚጽፈው ጽሑፍ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህልና ከዚያም በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲሠራ አየሩ ስለሚያንሰው ቤንዚኑ ይበዛል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል። ስለዚህ በደጋ ብቻ የሚሠራ አሮጌ መኪና ጥቁር ካንዴላ ስላሳየ «ሞተሩ አለቀ» ብሎ መፍረድ አይገባም፤ ካርቡራቶሩ ይስተካከል። ይህ ነገር ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው ሊረዳው የሚቀለው ነው፤ የአየርን ግፊት ተምሮአልና።

አዲሱ ካንዴላ ሲገዛ ሦስት ነገር ይታያል። አንደኛው ክፍተቱ ነው፤ ለዚህ ሞተር 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ከሱቅ የመጣ ሁሉ ትክክል ነው ተብሎ አይታመንም፤ ውፍረቱ በታወቀ ስስ ብረት ይለካል። ሁለተኛው የሙቀቱ ቁጥር ነው። በዚህ ላይ ሻጩም ገዢውም ይሳሳታሉ፤ ምክንያቱም ኤን ጂ ኬና ዴንሶ የተባሉት የጃፓን ፋብሪካዎች ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው፤ የጀርመኑ ቦሽ ግን በተቃራኒው ቁጥሩ ከፍ ሲል ሙቅ ነው። «ቁጥሩ አንድ ነው» ብሎ ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው መሻገር አይቻልም። ሦስተኛው ማታለል ነው። አስመስለው የተሠሩ ካንዴላዎች በገበያ አሉ፤ መካከለኛው ዘንግ ከመሐል ያፈነገጠ፥ ጥርሱ ሻካራ፥ ጽሕፈቱ በጣት ሲታሽ የሚደበዝዝ ከሆነ ሳይገዙ መመለስ ነው።

አዲሱ ካንዴላ መጀመሪያ በእጅ ብቻ ይጠመዘዛል። ጣት የማይደርስ ከሆነ ቁራጭ የጎማ ቱቦ በጫፉ ላይ ማጥለቅ ይረዳል፤ ጥርሱ ተዛንፎ የገባ እንደ ሆነ ቱቦው ይንሸራተታል እንጂ አያስገድደውም። በእጅ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ በመፍቻ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ማጥበቅ ይበቃል። ጕልበት የሚታይበት ቦታ አይደለም።

ገመዱን በተመለከተ «አሮጌው ይሠራል፤ ካንዴላው ብቻ ይለወጥ» የሚለውን ቍጠባ አንወደውም። የደረቀ ገመድ በበጋ ይሠራና ክረምት ሲገባ ይከዳል፤ እርጥበት ባለበት ጧት ብልጭታው ወደ ካንዴላው ከመሄድ ይልቅ በተሰነጠቀው ልባስ በኩል ወደ ሞተሩ ብረት ይዘላል። ይህን ለማየት የሚፈልግ ሰው በጨለማ ሞተሩን አስነሥቶ ኮፈኑን ይክፈት፤ ሰማያዊ ብልጭታ ሲዘል ያያል። በእጁ ግን እንዳይነካ። መለኪያ ያለው ደግሞ እያንዳንዱን ገመድ ነቅሎ ይለካ፤ ከ25 ኪሎ ኦም በላይ ያሳየ ይጣላል። ገመዶቹ ሲለወጡ የዲስትሪቡተሩን ክዳን ከፍቶ ስንጥቅና ዝገት መኖሩን መመልከት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መንግሥት ለወጣት ሹማምንት በሚሰጠው ሥልጠና ውስጥ ይህ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢመደብለት እንወዳለን። ስለ አመራር የሚሰጠው ትምህርት ብዙ ነው፤ የሚመራው ንብረት ምን እንደ ሆነ የሚያሳየው ግን ትንሽ ነው። መምህር መፈለግ አያስቸግርም፤ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር አለ። ወጣቱ አዛዥ ሾፌሩን «ጋሼ፥ እስቲ ያሳዩኝ» ብሎ ቢጠይቅ የሚጎድልበት ክብር አይታየንም።

ሥራው ሲያልቅ ቀኑና የተነዳው ኪሎ ሜትር በወረቀት ተጽፎ ይቀመጥ፤ ተራ ካንዴላ ከ20 እስከ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ድረስ ስለሚሠራ የሚቀጥለው ጊዜ ከዚያ ይታወቃል። አራቱ አሮጌ ካንዴላዎችም ወዲያው አይጣሉ፤ በየሲሊንደራቸው ቁጥር ተጽፎባቸው በቆርቆሮ ይቀመጡ። ከመካከላቸው አንዱ፥ ሦስተኛው ነው እንበል፥ በዘይት የራሰ ከሆነ ሹሙ ወደ ጋራዥ ሲሄድ ይዞት ይሂድና፥ ወሬ ከማብዛት ይልቅ በመካኒኩ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥለት።