የገሃነም በር በብስክሌት

ልጆቻችሁን ይዛችሁ «የገሃነም በር» እንድትሄዱ ስመክራችሁ አትደንግጡ። ኬንያ ውስጥ፣ ናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ ያለው የሄልስ ጌት ብሔራዊ ፓርክ የስሙ ትርጉም ይኸው ነው፤ ጠባዩ ግን ለስሙ አይመጥንም። የሜዳ አህያ፣ ቀጭኔና ከርከሮ በሚግጡበት ሜዳ መካከል፣ በጠጠር መንገድ፣ ያለ መኪና ብስክሌት መንዳት የሚፈቀድበት ፓርክ ነው። እንዲህ ያለ ፈቃድ በአካባቢው ብዙ ቦታ አይገኝም። ለዕረፍት ናይሮቢ ከወረዳችሁ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና አንድ ቀን መድቡለት።

መኪና ውስጥ የተቀመጠ ልጅ እንስሳ የሚያየው በመስኮት ነው፤ ሦስተኛው ቀጭኔ ላይ ሲደርስ ስልክ ስጡኝ ይላል። ብስክሌት ላይ ሲሆን ግን የሜዳ አህያዎቹ ሣር ሲነጩ ይሰማል፣ አቧራቸው ይሸተዋል፣ መንገድ ሲያቋርጡም ቆሞ ያሳልፋቸዋል።

ብስክሌት የሚከራየው በዋናው መግቢያ፣ በኤልሳ በር አካባቢ ነው። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ሁለቱንም ፍሬን ያዙ፣ ማርሹን ቀያይሩ፣ መቀመጫውን በልጁ ልክ አስተካክሉ። ለትንንሽ ልጆች የሚሆን ብስክሌት መኖሩን ቀደም ብላችሁ በስልክ ጠይቁ። የራስ መከላከያ ቆብ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻንጣ ውስጥ ክብደቱ ምንም አይደል። ኬንያ የሚነዳው በግራ በኩል መሆኑንም ለልጆቹ ደጋግማችሁ ንገሯቸው። እኛ ትልልቆቹም እንረሳዋለን።

በሰፈር ኮብልስቶን ላይ የተማረ ልጅ መንገጫገጭ አዲስ አይሆንበትም። ጠጠር ግን ይንሸራተታል። የፊቱን ፍሬን ድንገት ጭብጥ ማድረግ፣ መሪውን በኃይል ማጠፍ ይጥላል። ከመታጠፋችሁ በፊት ፍጥነት ቀንሱ፤ አቧራው ጥልቅ ሲሆን መሪውን ሳታንቁ ዝም ብላችሁ ፔዳሉን ምቱ።

ከበሩ ብዙም ሳትርቁ 25 ሜትር ያህል ቁመት ያለው የፊሸር ዐለት ብቻውን ቆሞ ታገኙታላችሁ። ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረ ነው፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1883 በዚያ ካለፈው ጀርመናዊ አሳሽ ነው። ማሳዮች ደግሞ ወደ ባሏ ቤት ስትሄድ ዞር ብላ ያየች ሙሽራ ናት ይላሉ። የሎጥን ሚስት ታሪክ የሚያውቁ ልጆች ወዲያው ይገባቸዋል፤ ብስክሌት ላይ ወደ ኋላ መመልከት እንደማይበጅ ለማስተማርም ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ዐለቱ ላይ ሽኮኮዎች ፀሐይ ይሞቃሉ። እዚህ ውኃ ጠጡ፣ አረፍ በሉ።

ከመግቢያው እስከ ሸለቆው ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ነው። ሲሄዱ መንገዱ ሳይታወቃችሁ ያዘቀዝቃል፤ ሁሉም ይስቃል፣ ማንም አይደክምም። ችግሩ መልሱ ላይ ነው፤ ያው መንገድ ዳገት ይሆናል፣ ፀሐዩም በርትቷል። ስለዚህ ልኩን የሚወስነው የትንሹ ልጅ ጉልበት ነው። ዐለቱ ጋ ደርሳችሁ ብትመለሱም ጉዞው ሙሉ ነው። እዚህ ላይ የአባቶች ግትርነት ከጎሽ ይልቅ ያሰጋኛል።

ጎሽ ካነሣን ግን፣ ቀልድ የማያውቅ እንስሳ ነው። መንገድ ላይ ቆሞ ካያችሁት ከሩቅ ቁሙ፣ ደወል አታሰሙ፣ ልጆቹን ከኋላችሁ አድርጉና ቀስ ብላችሁ ራቁ። መኪና ሲመጣ ከጎኑ ተከልላችሁ ማለፍ ይቻላል። ፎቶ ለማንሣት መጠጋት በፍጹም አይሆንም። ዝንጀሮ ባለበትም ሙዝ አታውጡ።

ከሁሉ በላይ አደገኛው ሸለቆው ነው። ግድግዳው ውብ ነው፤ ነገር ግን ዝናብ ሌላ ቦታ ዘንቦ ጎርፉ ድንገት ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2019 ጎብኚዎችን ገድሏል። ሰማዩ ከጠቆረ፣ ወይም ጠባቂዎቹ ከከለከሉ፣ ከላይ አይታችሁ ተመለሱ። ልጆቹ ቢያኮርፉም ተዉአቸው፤ ማታ ይረሱታል።

በጠዋት ጀምሩ፣ አንድ ሰዓት ላይ ብትገኙ ብርሃኑም ነፋሱም ደስ ይላል። ለሹፌሩ ሰዓት ስትነግሩት ግን ተጠንቀቁ። በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው ልክ እንደኛው ነው፤ እኩለ ቀን ስድስት ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ «ሲክስ» ብላችሁ የተቀጣጠራችሁት ሹፌር ግን ብቅ የሚለው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ፓርኩ ሊዘጋ ሲል ነው።