መናፈሻው የእኛም ጉዳይ ነው

በዚህች ጋዜጣችን ስለ ደመወዝ፣ ስለ ኢቃማና ስለ ፓስፖርት ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ ስለ መናፈሻ እናንሣ ብንል «ይህ የባለ ሀገሮቹ ጉዳይ አይደለም ወይ? ደግሞስ ከቤት መውጣት የተከለከለች እያለች ስለ መናፈሻ ይወራል?» የምትል አትጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ግን በቤይሩት የሕዝብ መናፈሻ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለቤት ሠራተኛ ነው እንላለን።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የሥራ ውል በሳምንት ከ24 ሰዓት የማያንስ ዕረፍት እንደሚገባን ይደነግጋል። ይህን ዕረፍት ያገኘች እኅት ከበር ስትወጣ የት ትሂድ? በማር ሚካኤል ቡና ቤቶች አንድ ሰዓት ለመቀመጥ የሚከፈለው ከኪሳችን ጋር አይተዋወቅም። ወደ ባሕር ልውረድ ብትልም፣ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2010 ካነጋገራቸው 27 የባሕር መዝናኛዎች 17ቱ የቤት ሠራተኞች እንዳይገለገሉ የሚከለክሉ ነበሩ። በ2012 የቱሪዝም ሚኒስቴር አድልዎውን የሚከለክል መመሪያ አውጥቷል፤ ይሁን እንጂ በር ላይ የሚቆመው ዘበኛው ነው። እንግዲህ ሳይከፍሉ የሚቀመጡበት ቦታ መናፈሻው ነው።

ከቤት ስለማትወጣዋም እኅት እናስብ። ብቻዋን እንድትወጣ ያልተፈቀደላት እንኳ ልጁን ይዛ ወደ መጫወቻው ትላካለች። ልጁ ሸርተቴ ላይ ሲወጣ እርሷ የሀገሯን ልጅ ታገኛለች፤ በአማርኛ ትተነፍሳለች፤ ስልክ ቁጥር ትቀበላለች፤ ደመወዟ ሲቀር ወደ ማን እንደምትጮኽ ትሰማለች። መጫወቻው ሲዘጋ ለልጁ የሚቀርበት ጨዋታ ነው፤ ለእርሷ ግን ብቸኛው መስኮቷ ይዘጋል።

የዚህች ከተማ ሰዎችም መናፈሻቸውን በቀላሉ አላገኙትም። በሩዝ ላይ የምንበትነውን ስኖበር የሚያፈራው ዛፍ የሞላበት ሖርሽ ቤይሩት 30 ሄክታር ያህል የሆነ፣ የከተማይቱ ትልቁ አረንጓዴ ቦታ ነው። በ1982 በእስራኤል ወረራ ጊዜ በቦምብ ተቃጠለ። ከጦርነቱ በኋላ በፈረንሳይ እርዳታ እንደገና ተተከለ፤ ዛፉ አድጎም ግን አብዛኛው ክፍል ለብዙ ዓመታት እንደ ተቆለፈ ቆየ። ፈረንጅ በቀላሉ ሲገባ የሀገሩ ተወላጅ የፈቃድ ወረቀት ይጠየቅ ነበር። ይህን በመቃወም ለዓመታት የጮኸው ማኅበር ስሙ «ናሕኑ» ነው፤ «እኛ» ማለት ነው። በመጨረሻም ደኑ በ2015 ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በ2016 ደግሞ በየቀኑ ለሕዝብ ተከፈተ። በ2021 በዚያው «ስኖበር» የተባለ የስኬትቦርድ መጫወቻ ተሠራ። ከሠሪዎቹ አንዱ የሆነው ሜክ ላይፍ ስኬት ላይፍ የተባለው ድርጅት በ2016 በአዲስ አበባም ከወጣቶቻችን ጋር እንዲህ ያለ መጫወቻ ሠርቷል።

በእኛም ሰፈር አቅራቢያ ምሳሌ አለ። ከማር ሚካኤል ደረጃውን ወጥተን ጂታዊ ስንደርስ የምናገኘውን የኢየሱሳውያን መናፈሻ፣ በ2013 ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ እንሥራበት ተብሎ ነበር። የሰፈሩ ነዋሪዎች ተቃውመው አዳኑት። ከ1895 ጀምሮ ወደ ደማስቆ ባቡር ይሄድበት የነበረውን የማር ሚካኤልን አሮጌ ጣቢያም፣ ከ2020ው የወደብ ፍንዳታ በኋላ በጣሊያን ገንዘብ ለሕዝብ መገልገያ ለማድረግ ፕሮጀክት ተነድፎለታል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እንደሚባለው፣ እነዚህ ሁሉ የተናገሩ ሰዎች ያገኟቸው ናቸው።

የእኛ ጥያቄ ጥቂት ነው። አንደኛ፣ መናፈሻዎች እሑድ እስከ ማታ ክፍት ይሁኑ፤ ዕረፍታችን በአብዛኛው ያን ቀን ነውና። ሁለተኛ፣ ንጹሕ ሽንት ቤት፣ የሚጠጣ ውኃና ጥላ ይኑራቸው። ቀኑን ሙሉ በከተማ የምትውል፣ የምትገባበት ቤት የሌላት ሴት ያለ ሽንት ቤት ምን ያህል እንደምትቸገር ለእናንተ አንነግራችሁም። ሦስተኛ፣ ዘበኛ የሰውን መልክ አይቶ አይመልስ። አራተኛ፣ መጫወቻ ሲጠገን እኛም እንጠየቅ፤ የትኛው ዥዋዥዌ ሰንሰለቱ እንደ ላላ፣ የትኛው ሸርተቴ በበጋ የልጅ እግር እንደሚያቃጥል ከወላጆቹ ይልቅ ሞግዚቷ ታውቃለችና። ይህንኑ ለማዳሞቻችሁም ንገሯቸው፤ የሚጎዳው የእነርሱም ልጅ ነው።

ክፍት ቦታ ለክፉ ቀንም ይሆናል። በ2024 መኸር ጦርነቱ በበረታ ጊዜ አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው የሸሹ እኅቶቻችን በአደባባይና በባሕሩ ዳር አድረዋል። ያን ጊዜ ውኃና ሽንት ቤት ያለው ቦታ ምን ዋጋ እንደ ነበረው እነርሱ ይመስክሩ።

ከእኛም የሚጠበቅ አለ። የምሳ ዕቃችንን ሰብስበን እንነሣ፤ አበባ አንቅጠፍ፤ የፊሊፒንስ፣ የስሪላንካ ወይም የሶርያ ሴት ስትመጣ በአግዳሚው ላይ ጠጋ እንበልላት። በየሰፈራችሁ መናፈሻ ያያችሁትን ጉድለት፣ የተዘጋ በርም ይሁን የተሰበረ ወንበር፣ ቦታውንና ቀኑን ይዛችሁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አምጡልን። በዐረብኛ የሚጽፉልንን ሰዎች ይዘን ለማዘጋጃ ቤቱ እናቀርባለን። ስማችሁን መግለጥ አያስፈልግም፤ በር ላይ የተመለሳችሁበትን ቀን ብቻ አትርሱ።