የሳሙናው ኮከብ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ የመጀመሪያ ልጄ ከሥራ ሲወጣ በእኔ በኩል ጎራ አለ። ጾም ስለሆነ ምስር ወጥ አቀረብኩለት። ሁለት ሦስቴ ጎረስ ጎረስ ካደረገ በኋላ እጁን ሰብስቦ «እማዬ፣ ዘንድሮ የገና ዛፍ ልገዛ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄ ጓደኛዋ ቤት ሄዳ ኮርኒስ ሊነካ የደረሰ ዛፍ አይታ መጥታለች። ወርቃማ ኳሶች፣ ደወሎች፣ ጫፉ ላይ የሚያበራ ኮከብ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። ዋጋውን ብጠይቀው ነገረኝ። ዛፉ ከነጌጡ ለበዓል ዶሮ፣ ለቅቤና ለሽንኩርት ከሚወጣው ድምር ይበልጣል። ገንዘቡን ከመሥሪያ ቤቱ ቁጠባና ብድር ማኅበር ሊበደር አስቧል። የልጅቷ የትምህርት ቤት ክፍያ ደግሞ ከበዓሉ ማግስት ደጅ ላይ ቆሟል።

እኔም ነገሩን ያቀለልኩለት መስሎኝ «ለዚህ ብለህ ብድር ውስጥ ትገባለህ? ለእናንተ እንደሠራሁላችሁ ለእሷም እሠራላታለሁ» አልኩት።

ልጄ ዝም አለ።

የዚህ ዓምድ የቆያችሁ አንባብያን ያን ሥራዬን ታውቁታላችሁ፤ እዚሁ ላይ ሁለት ጊዜ በኩራት ጽፌዋለሁ። እጅ ባጠረን በዚያ ዓመት ከአባታቸው የሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚወጣውን ብርማ ወረቀት ለወራት አጠራቅሜ፣ የሳሙና ካርቶን በኮከብ ቅርጽ ቆርጬ፣ በዱቄት ሙጫ ለጥፌ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የጥድ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልኩት። ጠዋት ሲነሱ አጨበጨቡ። እኔም ያን ጭብጨባ ይዤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስተርከው ኖርኩ።

«ማጨብጨባችን እውነት ነው» አለኝ ልጄ። «ከሰዓት በኋላ የሆነውን ግን ነግሬሽ አላውቅም።»

ለካ በዚያን ቀን የሰፈር ጓደኞቹን ኮከቡን ሊያሳይ ጠርቷቸው ኖሯል። እያዩት ሳለ በሩ ተከፍቶ ንፋስ ገባ። ኮከቡ በክሩ ላይ ዞረና ጀርባው ታየ። ጀርባው ላይ የሳሙናው ስም በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። አንዱ ልጅ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ሁሉም ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ክረምት ድረስ የልጄ ስም «ሳሙና» ሆነ። ኳስ ሲያቀብሉት «ሳሙና፣ ያዝ!» ይሉት ነበር።

«ያን ጊዜ ነው ለራሴ የማልኩት» አለኝ። «ልጅ ከወለድኩ የሚያሳፍር ነገር ቤቷ እንዳይሰቀል።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ ተናደድኩ። እጄ በመቀስ ቆስሎ፣ ዓይኔ በኩራዝ ጭስ ተቃጥሎ የሠራሁት ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ምኑ ላይ ነው የሳትኩት? ድህነቱ የእኔ ጥፋት አይደለም። ሙጫውም፣ ካርቶኑም ጥፋት የለባቸውም። ሌሊቱ ሲገፋ ሁለት ነገር ታየኝ።

አንደኛው፣ ኮከቤ ያልሆነውን ነኝ የሚል ኮከብ ነበር። ሱቅ ያለውን ብርማ ኮከብ ሊመስል ይታገላል። እንደዚያ ያለ ነገር ጀርባው የታየ ዕለት ያልቅለታል። ሁለተኛው፣ ብቻዬን ሌሊት ነው የሠራሁት። ልጄ በዚያ ኮከብ ላይ አንድ ጣቱን እንኳ አላሳረፈም። ሲስቁበት «እኔ ነኝ የሠራሁት፤ ምን አገባችሁ!» የሚልበት አፍ አልነበረውም። ልጅ እጁ ያለበትን ነገር ይሟገትለታል፤ የተሰጠውን ግን ሰው ሲስቅበት ይደብቀዋል።

ነጋዴው ውድ አድርጎ የሚሸጥልን ጌጥ አጀማመሩ ራሱ ከጓዳ ነው። ጀርመኖች የገና ዛፍ ማስጌጥ ሲጀምሩ የሚሰቅሉት ፖም፣ ደረቅ ፍሬና ብስኩት ነበር። የመስታወቱ ኳስ በ1800ዎቹ ላውሻ በምትባል የመስታወት ሠሪዎች ከተማ ነው የመጣው፤ ለፖም መግዣ ያጣ አንድ ድሃ መስታወት ሠሪ በፖም ፈንታ ነፍቶ ሰቀለው እየተባለም ይተረካል። ጀርመኖችና ስዊድኖች ዛሬም ከገለባ የታሰረ ኮከብ ይሰቅላሉ፤ ገለባነቱን ግን አይደብቁም። ገለባማ እኛም አለን! ሰንደዶና አክርማ ይዞ መሶብ የሚሰፋ አገር ለኮከብ ብድር ይገባል?

እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጄንና የልጅ ልጄን ጠራኋቸው። ምንጣፍ አንጥፌ ያለኝን ሁሉ ዘረገፍኩ። የሠራነውን እነሆ፤ እናንተም ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት።

የሰንደዶ ኮከብ። ለአንድ ኮከብ አራት ሰንደዶ ይበቃል። እንዳይሰበር ለብ ባለ ውሃ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉትና በስንዝር ልክ እኩል ቁረጡት። ሁለቱን እንደ መስቀል አነባብሩ፤ ሌላውን ጥንድም እንዲሁ። አንዱን መስቀል በሌላው ላይ አግድሞ ማስቀመጥ ነው፤ ስምንት ጫፍ ይወጣዋል። መሐሉን በጣታችሁ ጭምቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ ቀይ ክር በላይኞቹ ላይ፣ በታችኞቹ ሥር እያሾለካችሁ አንድ ዙር አዙሩና ከኋላ ጠበቅ አድርጋችሁ ቋጩት። ሲደርቅ ጫፎቹን በመቀስ አሹሉ። የተቀለመ አለላ ካላችሁ ደግሞ መሐሉን በክር ፈንታ በእሱ እሰሩት።

የፈትል ኳስ። ይህ በሱቁ ወርቃማ ኳስ ፈንታ ነው። መጀመሪያ ሙጫ እንሥራ፤ አንድ ስኒ የስንዴ ዱቄት በሦስት ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ ጓል እንዳይዝ በጥብጡ። በዝግታ እሳት እያማሰላችሁ እንደ አጥሚት ሲወፍር አውርዱና ይቀዝቅዝ። ትንሽ ፊኛ የብርቱካን ያህል ነፍታችሁ ዘይት ጠረግ አድርጉበት። የጥጥ ፈትል በሙጫው ውስጥ እያሳለፋችሁ ፊኛውን በየአቅጣጫው ጠምጥሙት፤ ክፍተቱ ከበዛ ኳሱ ይሟሽሻል። አንጠልጥላችሁ ሁለት ቀን አድርቁት። ከዚያ ፊኛውን በመርፌ ወግታችሁ በቀዳዳው ሳቡት። ባዶና ቀላል የፈትል ኳስ ይቀራል። እኔ የተጠቀምኩት እናቴ በእንዝርት ፈትላ የተወችልኝን ልቃቂት ነው። የልጅ ልጄ ቅድመ አያቷን አታውቃትም፤ ክሯን ግን ይኸው ጠመጠመችው።

የእንቁላል ካርቶን ደወል። የካርቶኑን ጉድጓዶች አንድ በአንድ ቆርጣችሁ አፋቸውን ወደ ታች ድፉ፤ ጫፋቸውን በስታችሁ ክር አስገቡና ውስጡ የተረፈ የልብስ ቁልፍ አንጠልጥሉ። ቀለሙ ከጓዳ ነው፤ እርድ በጥቂት ውሃ ተበጥብጦ ቢጫ፣ የተቀቀለ ቀይ ሥር ውሃ ደግሞ ቀይ ይሰጣል። የቀይ ሥሩ ውሎ አድሮ መወየቡ አይቀርም፤ ለበዓሉ ግን ይደርሳል።

የፈንዲሻ ሰንሰለት። ፈንዲሻውን ያለ ጨውና ያለ ስኳር አፈንዱት፤ በዕለቱ አትስፉት፤ ይፈረካከሳል። አንድ ቀን ካደረ በኋላ በቀጭን መርፌና በድርብ ክር ይሰካል። ትንንሾቹ ልጆች እዚህ ላይ ይጎብዛሉ፤ ግማሹን ይሰካሉ፣ ግማሹን ይበላሉ። በዓሉ ሲያልፍ ጉንዳንና አይጥ ሳይጠራ አውርዳችሁ ለወፎች በትኑት።

ለዛፉ የጥድ ጫፍ መቁረጥ አያስፈልግም። ጫፉ የተቆረጠ ጥድ ቅርጹ ሊበላሽ ይችላል። ጎረቤቴ የጥድ አጥሩን ሲከረክም የጣለውን ሦስት ቅርንጫፍ ለምኜ፣ በአንድነት አስሬ፣ እርጥብ አሸዋ በሞላ ባልዲ ውስጥ ተከልኩት። በየቀኑ አንድ ጣሳ ውሃ ይጠጣል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። እኛ ቤት ሁሉ የለመድነው ጥጥ አለ፤ በረዶ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ በታኅሣሥ ውርጭ እንጂ እንዲህ ያለ በረዶ መች አየችና! ጥጥ በቀላሉ እሳት ይይዛል፤ የደረቀ ጥድማ ጭድ በሉት። የሚሞቅ መብራት ወይም ሻማ ባለበት ዛፍ ላይ ጥጥ አትበትኑ። ሽቦው የተላጠ መብራት አትሰኩ፤ ስትተኙና ከቤት ስትወጡ ከሶኬቱ ንቀሉት። እኛ ጥጡን ትተነዋል፤ ፈንዲሻው ራሱ ነጭ ነው።

ወደ እሑዱ ልመልሳችሁ። ልጄ መጀመሪያ ሶፋው ላይ ስልኩን ይዞ ተቀመጠ። ልጁ የሰንደዶ ኮከብ ልታስር ስትታገል፣ ክሩ ሲፈታባት፣ እንደገና ስትጀምር በዓይኑ ይከታተላል። በሦስተኛው ላይ ወረደና «ቆይ፣ መሐሉን እኔ ልያዝልሽ» አላት። ሲመሽ አሥራ አንድ ኮከብ ነበረን። አምስቱ ተንሻፈዋል። አንሻፋ የሠራቻቸውን ይበልጥ ትወዳቸዋለች፤ «ይኼ እየሮጠ ነው» ትላለች።

«ጓደኞችሽ መጥተው ቢስቁስ?» ብዬ ጠየቅኳት፤ ልጄ ቀና ብሎ አየኝ።

«እነሱ መሥራት ይችላሉ እንዴ?» አለችኝ።

ሊሄዱ ሲሉ ልጄ ወደ ጓዳ ገባ። የሳሙና ካርቶን ይዞ ወጣ። ምንም ሳይለጥፍበት፣ የሳሙናው ስም በፊት በኩል እንደታየ፣ ኮከብ አድርጎ ቆረጠው። ልጁ «አባዬ፣ ይኼ ለምን ተጽፎበታል?» ስትለው «ረጅም ታሪክ አለው፤ መንገድ ላይ እነግርሻለሁ» አላት። ሰቀለው፤ ግን ከዛፉ በስተኋላ፣ ዝቅ አድርጎ፣ ወደ ግድግዳው በኩል። እኔም ወደፊት አላመጣሁትም። ለዘንድሮ እዚያ ይበቃዋል።

ብድሩን ትቶታል። የገዛው አንድ ክር መብራት ብቻ ነው። የትምህርት ቤቱ ክፍያ በቦታው አለ።

ታኅሣሥ 29 ሊደርስ ጥቂት ቀናት ቀርተዋል። እናንተም የምትሠሩት ነገር ካለ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አትሥሩት። ቀስቅሷቸው።

መልካም የበዓል ዝግጅት! ሳምንት ያገናኘን።